ጋብቻ ማስፈረስና ፍቺ፦ ክሱ ከመጻፉ በፊት

«ጋብቻው ይሰረዝልኝ» ብሎ ጠበቃ ዘንድ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ነገር ፍቺ ነው። በደሉን ሲዘረዝር ይሰማል፦ ይሰድበኛል፣ ትታኝ ሄዳለች፣ ደሞዙን አያሳየኝም፣ ሌላ ሴት ይዟል። ሁሉም ከሠርጉ በኋላ የመጡ ነገሮች ናቸው። ከሠርጉ በኋላ የመጣ በደል፣ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ጋብቻን የማስፈረስ ምክንያት አይሆንም፤ የፍቺ ጉዳይ ነው። ማስፈረስ የሚባለው ጥያቄ ወደ አንድ ቀን ብቻ ይመለከታል፤ ቃል ኪዳኑ የታሰረበት ቀን። በዚያ ቀን ዕድሜው ሞልቶ ነበር ወይ? ፈቃዱ የራሱ ነበር ወይ? ሌላ ጋብቻ አልነበረም ወይ? ዝምድና አልነበረም ወይ? ከእነዚህ አንዱ ጎድሎ ከነበረ ጋብቻው ሲጀመርም ጉድለት ይዞ ነው የተጀመረው፤ ሕጉም መፍትሔ ያስቀምጣል።

ይህን መለየት ተገቢ የሚሆነው ለቃላት ጥራት ተብሎ አይደለም። ማስፈረስ ቀነ ገደብ አለው፣ ማን ሊጠይቅ እንደሚችል ተወስኗል፣ ማስረጃም ይፈልጋል። ፍቺ ደግሞ ከእነዚህ ሸክሞች አብዛኞቹ የሉበትም። መንገዱን የሳተ ሰው አንድ ዓመት ተመላልሶ ክሱ ውድቅ ይሆንበታል። ወይም በተቃራኒው፣ ጥሩ የማስፈረስ ምክንያት በእጁ እያለ ሽምግልና ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። ሁለተኛው ይብሳል።

እዚህ የምጽፈው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ ስለሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን የአንቀጽ ቁጥሩም አንዳንድ ዝርዝሩም ይለያያል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ ሰው የክልሉን አዋጅ ይክፈት። የፌዴራሉን አንቀጽ ጠቅሶ በክልል ፍርድ ቤት መክሰስ ክሱን ገና ከመነሻው ያዳክመዋል።

የአዋጁ አንቀጽ 75 ጋብቻ የሚፈርሰው በሦስት መንገድ ነው ይላል። አንደኛው ሞት ወይም የመጥፋት ውሳኔ (አንዱ ተጋቢ ጠፍቷል ብሎ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ) ነው። ሁለተኛው ጋብቻ ለመፈጸም መሟላት ከሚገባቸው ሁኔታዎች አንዱ በመጣሱ ፍርድ ቤት ጋብቻው እንዲፈርስ ሲወስን ነው። ሦስተኛው ፍቺ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ከሞትና ከፍቺ ጋር በአንድ ተርታ ነው የተቀመጠው። በውጭ አገር ፊልም የለመድነው «እንዳልተጋባችሁ ይቆጠራል» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም። አብሮ የተኖረበት ዘመን አይፋቅም፣ የተወለደ ልጅም የተገኘ ንብረትም ቦታው ላይ ነው።

ወደ ምክንያቶቹ እንግባ። ብዙ ሰው የሚያነሳው ስህተት ነው፤ «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አላገባውም ነበር» የሚለው። አንቀጽ 13 በመሠረታዊ ስህተት የተሰጠ ፈቃድ ጋብቻውን እንደማያጸናው ይናገርና አራት ነገሮችን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው የማንነት ስህተት ነው፤ አገባዋለሁ ያለው ሰው ሌላ ሆኖ ሲገኝ። ይህ በተግባር እምብዛም አይገጥምም። ሁለተኛው የጤና ነው፤ የማይድን ወይም በዘር ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ። ሦስተኛው ግብረ ሥጋ ለመፈጸም የሚያስችል አካል አለመኖር ነው። አራተኛው ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ግብረ ሥጋ የመፈጸም ልማድ ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው፣ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ፈጽሞ እንደማይጋባ ዳኛውን የማሳመን ከባድ ሸክም ይጠብቀዋል። ዲግሪ አለኝ ብሎ ዋሸኝ፣ ዕዳ እንዳለባት ደበቀችኝ፣ የድሮ ልጅ እንዳለው አልነገረኝም የሚሉት ቅሬታዎች ያማሉ፤ እኔ ግን በእነሱ ላይ ብቻ የተመሠረተ የማስፈረስ ክስ እንዲቀርብ አልመክርም። በፍቺ መጠየቅ ይሻላል።

ከአራቱ ክርክር የሚበዛበት የጤናው ነው፤ ክሱ የሚወድቅበትም ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከሳሽ ዛሬ የተሠራ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ይቀርባል። ያ ወረቀት የሚያሳየው ግን የዛሬውን ሁኔታ ብቻ ነው። መረጋገጥ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ በሽታው በጋብቻው ቀን ነበረ፣ ከሳሽ አያውቅም ነበር፣ በሽታው ሕጉ በሚለው ዓይነት የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ ነው። የመጀመሪያውን ለማስረዳት ከጋብቻው በፊት የነበረ የሕክምና ማኅደር ያስፈልጋል። ሆስፒታል ግን የአንዱን ተጋቢ ምስጢር ለሌላው በቃል ጥያቄ አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። ስለዚህ ክሱ ላይ ማኅደሩ የሚገኝበትን ተቋምና ዘመን ጠቅሶ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ መጠየቅ ነው። ከጋብቻ በፊት አብረው ተመርምረው ውጤቱን ያዩ ተጋቢዎች ከሆኑ ደግሞ «አላውቅም ነበር» የሚለው ክርክር ወዲያው ይፈርሳል። ተከሳሽ ያን ወረቀት አያጣውም።

ሁለተኛው ምክንያት ኃይል ነው። አንቀጽ 14 የሚለው ተጋቢው ራሱን፣ ወላጆቹን፣ ልጆቹን ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዱን ከከባድና ሊደርስ ከቀረበ አደጋ ወይም ከአደጋው ዛቻ ለማዳን ሲል የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም ነው። ጠለፋ ግልጹ ምሳሌ ነው። ወንድሟን እንገድለዋለን ተብላ የፈረመችም እንደዚያው። ቤተሰብ ይቀየመኛል፣ እናቴ ታዝናለች ብሎ የተስማማ ሰው ግን «ከባድ አደጋ» የሚለውን መለኪያ ማለፍ ይከብደዋል። ጫናው እውነት አይደለም ማለቴ አይደለም፤ የሕጉ በር ግን ጠባብ ነው።

የተጠለፈች ሴት ጉዳይ ላይ የወንጀሉ ክስ ለብቻው እንደሚሄድ ማወቅ ይገባል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። «አግብቻታለሁኮ» ብሎ የሚከራከር ሰው ዛሬም አለ፤ ያ መከላከያ ሕጉ ውስጥ የለም። ለሽምግልና የሚቀመጡ አባቶችም ይህን ቢያውቁት መልካም ነው፤ እርቅ ብለው የሚያስሩት ቃል ኪዳን የወንጀሉን ፋይል አይዘጋም።

ዕድሜ ሦስተኛው ነው። ወንድም ሴትም 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ መፈጸም አይችሉም። በከባድ ምክንያት የፍትሕ ሚኒስትሩ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ከ16 በታች ግን ማንም ፈቃድ መስጠት አይችልም። ይህን ጋብቻ ለማስፈረስ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ መጠየቅ ይችላል። ልጅቷ ራሷ ብቻ መሆን የለባትም፤ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ጉዳዩን ወደ ዐቃቤ ሕግ የሚወስድ መምህርም መንገድ ይከፍታሉ። ነገር ግን ዕድሜው ከሞላ በኋላ በዚህ ምክንያት መጠየቅ አይቻልም። በ17 ዓመት ከ10 ወሯ ምክር የጠየቀች ልጅ ሁለት ወር ነው ያላት። ያ ካለፈ የሚቀራት፣ ፈቃዷ በኃይል የተገኘ ከሆነ የኃይሉ ክስ፣ ካልሆነ ፍቺ ነው።

የዕድሜ ማስረጃ ብዙ ክርክር ያስነሳል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ አብረው ቢቀርቡ ጠንካራ ናቸው። የሐኪም የዕድሜ ግምት የሚሰጠው ከዚህ እስከዚህ ዓመት የሚል ክልል ስለሆነ፣ 17 እና 18ን ለመለየት ብቻውን ደካማ ነው። ለሠርጉ ሲባል በቀበሌ የወጣ፣ ዕድሜ የተጨመረበት መታወቂያ ካለ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሌላኛው ወገን ስለሚያቀርበው ክሱ ላይ አስቀድሞ ማንሳትና መቼና እንዴት እንደወጣ መግለጽ ያስፈልጋል።

ዝምድና ላይ አጭር ልሁን። ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠር የሥጋ ዝምድና፣ ከእህትና ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር ጋብቻ ክልክል ነው። በጋብቻ ዝምድናም የሚስት እህት እና የባል ወንድም ተከልክለዋል። ቤተሰባዊ ልማድ ከዚህ የበለጠ ሊከለክል ይችላል፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር አለ። ፍርድ ቤት ጋብቻ የሚያፈርሰው ግን ሕጉ በከለከለው ብቻ ነው።

በጋብቻ ላይ ጋብቻ ግን ሰፋ አድርጎ ማየት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት ነውና። «ከመጀመሪያዋ ጋር ከተለያየን ስምንት ዓመት ሆኖናል፣ ሽማግሌዎች ጨርሰውልናል» የሚለው ሰው፣ በእጁ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሌለ፣ በሕግ ፊት ገና ባለትዳር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ነበር፤ በ1992ቱ አዋጅ ግን ይህ ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆኗል። የሽማግሌ ወረቀት ለእርቅና ለድርድር ይጠቅማል፣ ጋብቻን አያፈርስም። ተጋቢዎች ለረጅም ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት በመመሥረታቸው ጋብቻው እንደፈረሰ የሰበር ችሎት (የሕግ ስህተትን በመጨረሻ የሚያርመው ችሎት) የተቀበለባቸው ጉዳዮች መኖራቸው እውነት ነው። ያ ግን ክርክር ከተነሳ በኋላ የሚታይ ነገር ነው፤ በእሱ ተማምኖ ሁለተኛ ሠርግ መደገስ አይገባም። የሁለተኛዋ ጋብቻ እንዲፈርስ ከተደራረቡት ጋብቻዎች ተጋቢዎች አንዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛዋ ሚስትም ራሷ መጠየቅ ትችላለች፤ በተለይ ተታልላ የገባች ከሆነ። የመጀመሪያው ጋብቻ በባህል ወይም በሃይማኖት የተፈጸመና ያልተመዘገበ መሆኑ አያድንም፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙት ሦስቱም ዓይነት ጋብቻዎች በሕግ እኩል ናቸው። በምስክር፣ በሠርግ ፎቶ፣ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ በጎረቤትና በዘመድ በመታወቃቸው ይረጋገጣሉ።

በፍርድ የተከለከለ ሰው (ራሱን ችሎ ሕጋዊ ተግባር እንዳይፈጽም ፍርድ ቤት የወሰነበት) ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የፈጸመው ጋብቻም ይፈርሳል፤ ራሱ ወይም አሳዳሪው ይጠይቃሉ።

ምክንያት የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ። ሴት ከቀድሞ ጋብቻዋ መፍረስ በኋላ 180 ቀን ሳትጠብቅ ማግባቷ ብቻውን አያስፈርስም። ጋብቻው ሲፈጸም የሥነ ሥርዓት ጉድለት መኖሩም እንደዚያው ነው፤ ምስክር ጎደለ፣ ማስታወቂያ አልወጣም፣ አልተመዘገበም ማለት ዋጋ የለውም። ግብረ ሥጋ አለመፈጸም ብቻውን በዝርዝሩ የለም፤ ይህ ከሌላ አገር ሕግና ከቤተ ክርስቲያን ቀኖና የመጣ ግምት ነው። ወደ ውጭ ለመሄድ ሲባል ብቻ የተፈጸመ ጋብቻም በዝርዝሩ የለም፤ ሁለቱም አውቀውና ፈቅደው ከፈረሙ መውጫው ፍቺ ነው።

አሁን ቀነ ገደቡ። በስህተት ምክንያት የሚቀርብ ጥያቄ ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ጋብቻው ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈው አይቀርብም። በኃይል ምክንያት የሚቀርበው ኃይሉ ከቆመ በስድስት ወር ውስጥ፣ በዚያው የሁለት ዓመት ጣሪያ። ሁለቱ ገደቦች አብረው ነው የሚሠሩት። በሃያኛው ወር በሽታውን ያወቀ ሰው ስድስት ወር ያለው ይመስለዋል፤ ያለው ግን አራት ወር ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመቱ ቀድሞ ይሞላል። የኃይሉ ጉዳይ ላይ ይህ ጣሪያ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተዘግቶባት የኖረች ሴት ከበሩ ስትወጣ ጣሪያው አልፏል። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ለእሷ የሚቀረው ፍቺ እና የወንጀል ክስ ነው። በዝምድናና በተደራራቢ ጋብቻ ላይ ግን የስድስት ወርና የሁለት ዓመት ገደብ የለም።

እዚህ ላይ ሽምግልና ስለሚያደርሰው ጉዳት መናገር አለብኝ። ሽምግልና ክቡር ነገር ነው፤ ቀኑን ግን አያቆምም። «እስከ ፋሲካ ጠብቁ»፣ «አባቱ ከክፍለ ሀገር ይምጣ» ሲባል ስድስት ወር ያልቃል። ከሳሹ ክሱን አስገብቶ መዝገብ ቁጥር ከያዘ በኋላም ሽማግሌ መቀመጥ ይችላል። እውነቱን ካወቀ በኋላ አብሮ መኖሩን የቀጠለ ሰው ደግሞ «አውቆ ተቀብሏል» የሚል ክርክር ይነሳበታል። ስለዚህ ስህተቱ የታወቀበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የሕክምና ወረቀት ቀን ወይም የተላከ መልእክት፣ ከመጀመሪያው መያዝ አለበት።

በተግባር ክሱ የሚቀርበው በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። የክስ አቤቱታው የፍርድ ቤቱን ስም፣ የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ ጋብቻው መቼና የት እንደተፈጸመ፣ የጎደለው ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደታወቀ እና የሚጠየቀውን ዳኝነት ይይዛል። እውነተኛነቱ በፊርማ ይረጋገጣል፤ የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል፣ የምስክሮች ስምና አድራሻም ተጽፎ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለ ጋብቻው መኖሩን የሚያስረዱ ምስክሮች መቆጠር አለባቸው፤ የሌለ ጋብቻ አይፈርስምና። ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ሁሉንም ምስክር በጉድለቱ ላይ ያውላል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል በደሀ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ፣ ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።

የማስፈረስ ምክንያቱ ጥርጣሬ ካለበት ዳኝነቱን በአማራጭ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ በቅድሚያ ጋብቻው በዚህ ምክንያት እንዲፈርስ፣ ይህ ካልተቻለ በፍቺ እንዲወሰን። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አማራጭ ዳኝነት መጠየቅን ይፈቅዳል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጎድል ከሳሹ ሲሸነፍ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

መጥሪያ ለተከሳሽ ይደርሳል፣ መልስ ይሰጣል፣ ማስረጃ ይሰማል። አድራሻው ያልታወቀ ወይም ከአገር የወጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ እንዲጠራ ሊያዝ ይችላል። ያለበትን አድራሻ እያወቁ «አይታወቅም» ብሎ በጋዜጣ ማስጠራት ግን አደገኛ ነው። በሌለበት የተወሰነበት ሰው ውሳኔውን ካወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳልኝ ብሎ መጠየቅ ስለሚችል፣ ነገሩ ሁሉ ወደ መነሻው ይመለሳል። ያኔ ከሳሽ ሌላ ትዳር ይዞ ከተገኘ ችግሩ እጥፍ ነው።

ሌላው ትልቅ ልዩነት ስምምነት ነው። ተጋቢዎች በስምምነት ሊፋቱ ይችላሉ፤ ስምምነታቸውን ጽፈው፣ የልጆችንና የንብረትን ነገር አካተው ያቀርባሉ፣ ፍርድ ቤቱ ያነጋግራቸዋል፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል፣ ከዚያ ያጸድቀዋል። በአንድ ወገን ጥያቄም ፍቺ ይቻላል፤ ሕጉ የተቆረጠ የምክንያት ዝርዝር አላስቀመጠም። ማስፈረስን ግን በስምምነት ማግኘት አይቻልም። ሁለቱ ተስማምተው «ስህተት ነበር» ቢሉም ዳኛው ስህተቱን በማስረጃ ማየት አለበት። ለክብር ሲባል «ፍቺ» የሚለውን ስም ለመሸሽ የውሸት ስህተት የሚፈጥሩ ባልና ሚስት ለፍርድ ቤት ሐሰት እየተናገሩ መሆኑን ይወቁት።

የሃይማኖት ተቋም ውሳኔ ለብቻው የሚታይ ነው። የቤተ ክህነት ወይም የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ለምእመኑ ኅሊናና ለዳግም ቁርባን ይጠቅማል፣ በሕግ ፊት ያለውን ጋብቻ ግን አያፈርስም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሕግ የታወቁ ስለሆኑ የተለየ ቦታ አላቸው፤ ሥልጣናቸው ግን በሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ልጆችን በተመለከተ ብዙ እናቶች «ከፈረሰ ልጄ ዲቃላ ይባልብኛል» ብለው ይፈራሉ። አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። አሳዳጊው ማን እንደሆነ፣ ቀለቡ፣ የጉብኝት ሰዓቱ በማስፈረስ መዝገብ ላይም ሊጠየቅና ሊወሰን ይገባዋል፤ ክሱ ላይ ካልተጻፈ ግን ዳኛው የሚወስንበት ጥያቄ አያገኝም። ንብረትም እንደዚሁ ነው። በፍቺ ክስ ላይ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። የማስፈረስ ከሳሽ ደግሞ ቤቱ ወይም መኪናው እንዳይሸጥ የእግድ አቤቱታ ከክሱ ጋር አብሮ ያስገባ፤ መጥሪያው ከደረሰ በኋላ ስመ ሀብት ማዛወር የተለመደ ነው።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ 60 ቀን ነው። የውሳኔውን ግልባጭ በፍርድ ቤቱ ማኅተም አስመትቶ ጋብቻው ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት መውሰድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መዝገቡ ላይ ባለትዳር ሆኖ ይቀራል፤ ቤት ሲሸጥ፣ ብድር ሲጠየቅ፣ ቪዛ ሲሞላ ይታያል። እንደገና ማግባት የምትፈልግ ሴት ጋብቻው ከፈረሰበት ቀን 180 ቀን ትጠብቃለች። እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ፣ ከጋብቻው መፍረስ በኋላ ከወለደች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ የምታገባ ከሆነ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደላት መጠበቅ አይኖርባትም። የሐኪሙን ማስረጃ ለጋብቻ መዝጋቢው ከማመልከቻው ጋር አብራ ብታቀርብ ይሻላል።